መቶ ሰዓት ማሟሻ

የልጅ ልጄ ናቲ ባለፈው ሳምንት አዲስ ስፒከር ገዝቶ መጣ። ሁለት ጥቁር ሣጥን ነው፤ ቴሌቪዥኑን ግራና ቀኝ አጅበው እንዲቆሙ አደረጋቸው። ከካርቶኑ ሲወጡ የአዲስ ኮላ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ዘፈን ይከፍታል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን ነካካና ቤቱ በሹሹታ ተሞላ። ዘፈንም ወሬም የሌለው፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ድምፅ።

"ምነው፣ ገና በመጣበት ቀን ተበላሸ?" አልኩት።

"አይ ጋሼ፣ ሆን ብዬ ነው" አለኝ። አባቱ ሲጠራኝ ሰምቶ ጋሼ ነው የሚለኝ። "አዲስ ስፒከር መቶ ሰዓት ያህል እንዲህ ያለ ድምፅ ካልተጫወተበት ሙዚቃው ደረቅ ይሆናል። ይሄ እስኪለሰልስ ነው። ኢንተርኔት ላይ አለ።"

እሱ ከኢንተርኔት ያገኘውን እኔ በጢሜ ማብቀያ ዕድሜ እንደማውቀው ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ወንበሬን ይዤ ወደ በረንዳ ወጣሁ። በሩን ብዘጋውም ሹሹታው በመስኮት ተከተለኝ። አምስት ቀን ሆነው ይኸው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከፍቶት ይሄዳል፤ እኔም በረንዳ ላይ እውላለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ሙቀቱ ነው እላለሁ። አዳማ ላይ ሙቀት የማይሸፍነው ነገር የለም።

እኛ ማሟሸት ነበር የምንለው። አዲስ የሸክላ ድስት ወጥ ሳይሠራበት እንደሚሟሸው ማለት ነው። ቃሉን ለስፒከር ያዋለው ጋሽ ቱፋ ነው፤ የሠራሁበት ሙዚቃ ቤት ባለቤት። ያኔ ከተማዋን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ሱቁ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአንድ ፀጉር ቤትና በአንድ ሻይ ቤት መካከል ነበር። ፊት ለፊቱ የጋሪ መቆሚያ ነው፤ ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ የክር ጉንጉን፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል ነበራቸው። ሰው ሻይ በስሙኒ ሁለት ጠጥቶ መልስ ይቀበል ነበር። ቦምቦሊኖ አሥር ሳንቲም ነው፤ የትናንቱ ደግሞ አምስት። ካሴት መቅዳት ሦስት ብር፣ ባዶ ካሴት ከተገኘ ስድስት ብር። ከተገኘ ነው የምለው፤ አንዳንዴ ለወር ይጠፋና ሰዉ የጠገበውን ዘፈን ይዞ መጥቶ "በዚህ ላይ አዲሱን ድረብልኝ" ይለን ነበር። እኔ አንድ ቡናማ ቤልቦተም ሱሪ ነበረችኝ፤ ፋሽኑ ሲያልፍባት ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ አጠበብኳት፤ ጎረምሶቹ ግን ስፌቱን አይተው በሩቁ ይስቁብኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ አቧራው እንዳይገባ በሩን ገርበብ እናደርግና የዘፈን ሸክላዎቹን በነጠላ እንሸፍናለን። አሁን ያ መንገድ ላይ ባለ ስድስት ፎቅ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ስልክ ይሸጣል። በዚያ ሳልፍ አንገቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

የማሟሻው ሸክላ ታሪክ ከወንጂ ይጀምራል። የስኳር ፋብሪካው ሲወረስ አገሩ የገባ አንድ የሆላንድ መሐንዲስ ነበር። ዕቃውን ለምግብ አብሳዩ ትቶ ሄደ፤ አብሳዩ ደግሞ ሸክላዎቹን በጆንያ ሞልቶ ለጋሽ ቱፋ አመጣለት። ከመካከላቸው አንዱ ልባሱ ነጭ ነው፤ ሥዕልም የዘፋኝ ፎቶም የለውም። ሲያጫውቱት አንደኛው ገጽ ሹሹታ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ከወፍራም ጉምጉምታ ተነስቶ እየቀጠነ እየቀጠነ ውሻ እስኪያስጮህ ይደርሳል። ጋሽ ቱፋ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ሲል አብሳዩ ነው ያዳነው። "ኧረ እንዳትጥለው! ጌታዬ አዲስ ስፒከር ሲገዛ በዚህ ነበር ሳምንት ሙሉ የሚያሟሸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ዘፈን የሚያደምጠው" አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ቱፋ ሳያሟሽ ስፒከር ሸጦ አያውቅም። ገዢው ሲቻኮልበት "ሂን ጀርጀሪን፣ አትቸኩል ወንድሜ" ይለዋል፤ "ያልተሟሸ ድስት ውኃ ያፈሳል። መቶ ሰዓት ነው፣ ጥርስህን ነክሰህ ቻለው።" እኔም ተማሪው ነበርኩና አመንኩት። ከሃይማኖቴ አጥብቄ ያመንኩት ነገር ቢኖር የጋሽ ቱፋን መቶ ሰዓት ነው። ሰው ሲያምን ልኩን ቢያውቅ እንዴት ጥሩ ነበር።

እኔ የወንጂ ልጅ ነኝ። ጥርሴን ያየ ሳልነግረው ያውቃል፤ የዚያ አገር ውኃ ጥርስ ያበልዛል። አባቴ አቶ ላምቤቦ ከከምባታ በእግሩ መጥቶ አገዳ ቆራጭ ሆነ፤ ኋላ ፋብሪካ ውስጥ የአገዳ መጭመቂያው አጠገብ መደቡት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ብረትና ከእንፋሎት አጠገብ ቆመ። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ሲቃጠል ጥላሸቱ እየተንሳፈፈ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፍ ነበር፤ ለእኔ ልጅነት ማለት ያ ጥላሸትና የሞላሰስ ሽታ ነው። ፋብሪካው ለአባቴ ያወጣለት ጡረታና የወሰደበት ጆሮ እኩል ናቸው። እናታችን ከሞተች በኋላ ሦስታችን፣ አባባ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ታደሰ፣ ናዝሬት ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ገባን። ያን ጊዜ አባባ በግራ ጆሮው በኩል ተጠግተው ከጮኹለት ይሰማል። ወፍራም ድምፅ ይሻለዋል፤ ቀጭኑ ግን ከነጭራሹ አይገባለትም። ቀኝ ጆሮው ሞቷል። ሐኪሙም የግራው እንደማይቆይ ነግሮናል።

አሁን ያን ጠዋት ማንሳት አለብኝ። ዓመቱን አልጠራም፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወጣት ለውትድርና የሚፈለግበት ጊዜ ነው። የቀበሌው ሰዎች አባባን ጠርተው ከቤትህ አንድ ልጅ፣ ታደሰ፣ ይሄዳል አሉት። ታደሰ ካልተገኘ እኔን እንደሚወስዱ ነገሩት፤ እሱ ያልሰማ መስሏቸው ሁለቴ ጮኸው ነገሩት፤ ደጅ ቆሜ እኔም ሰማሁ። ታደሰ በእሱ ፋንታ እኔ እንደምወሰድ አያውቅም። ዝዋይ ዓሣ አስጋሪዎች ዘንድ የሚደበቅበት ጓደኛ ነበረውና ሁለት ሸሚዝና የኮንጎ ጫማውን በፌስታል ቋጥሮ ከአልጋው ሥር አስቀምጦ ነበር። አባባ ፌስታሉን አገኘው። በማግስቱ ጠዋት ፌስታሉን በአንድ እጁ፣ ታደሰን በሌላ እጁ ይዞ ቀበሌ ድረስ ወስዶ አስረከበው። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ምክንያቱንም አልነገረው። ታደሰ ከቀበሌው በር ላይ ዞር ብሎ አባባን አየው፤ "እሺ አባባ" ብቻ ብሎት ገባ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። አልሄድኩም፤ እኔ ልሂድ አላልኩም። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ቤልቦተሜን ለብሼ ቆሜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ አባባ የታደሰን ስም አይጠራም። ስንበላ ግን ሦስተኛውን ውኃ መጠጫ ያወጣል።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ ቀን ክራንች የያዘ ወታደር ሱቃችን መጣና "የታደሰ ላምቤቦ ወንድም ማነው?" አለ። ከደረት ኪሱ ካሴት አወጣ። በላዩ ላይ በታደሰ እጅ ጽሑፍ "ለአባባ" ተብሎ ተጽፏል። ደብዳቤ በመንግሥት ተከፍቶ የሚነበብበት ዘመን ስለነበር ቆስሎ በሚመለስ ሰው እጅ የድምፅ ካሴት መላክ የተለመደ ነበር። ወታደሩ ሻይ እንኳ አልጠጣም፤ መኪና እንዳያመልጠው እያነከሰ ሄደ። እኔ በሱቁ ትንሽ ቴፕ ውስጥ ካሴቱን አስገባሁት። ክሩ እንዳልተጎዳ ላየው ብዬ ነው። የታደሰ ድምፅ መጣ፤ ቀጥኗል፣ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። "ሰላም ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። አሴ፣ አሁንም ያቺን ሱሪ ትለብሳለህ? የአባባ ጆሮ እንዴት ሆነ?" አለ። ከዚያ "አባባ፣ ያን ቀን ጠዋት" አለ።

ካሴቱን አቆምኩት።

ለምን እንዳቆምኩት ያኔ ግልጽ ነበር። ቀሪው የእኔ አይደለም፤ ከእሱ በፊት ልሰማው አይገባም። አባባ ራሱ፣ በገዛ ጆሮው፣ ጥርት ባለ ድምፅ ይስማው አልኩ። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ካሴቱን ይዤ ወደ ቤት በረርኩ። በቤታችን ትንሽ ቴፕ ሞከርነው፤ አባባ ቴፑን አንስቶ ከጆሮው ጋር አጣብቆ ያዘው። የወንድሜ ድምፅ ገና "ሰላም ናችሁ" ሲል አባባ ራሱን ነቀነቀና ቴፑን አጠፋሁት።

"ትንኝ ነው የሚሰማኝ" አለ። "የሱ ድምፅ የቱ ጋ ነው?"

"ግድ የለም አባባ፣ ትልቅ ስፒከር እሠራልዎታለሁ" ብዬ ጮኽኩለት። "አንድም ቃል አያመልጥዎትም።"

"ምን ይላል?"

"ደህና ነኝ ይላል። ከዚያ 'አባባ፣ ያን ቀን ጠዋት' ይላል። የቀረውን አልሰማሁትም፤ ራስዎ ይስሙት ብዬ ነው።"

ፊቱ ተለዋወጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "ያን ቀን ጠዋት" አለ፣ ለራሱ። ከዚያ "ቶሎ ሥራው" አለኝ። አባቴ በሕይወቱ ከእኔ የለመነው ነገር ያ ብቻ ነው።

ጋሽ ቱፋ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠው፣ ከካርቶኑ ያልወጣ አንድ ትልቅ ስፒከር ነበረው፤ ትሪ የሚያክል። ጉዳዩን ስነግረው ምንም ሳያንገራግር አውጥቶ ሰጠኝ። ሣጥኑን አናጢ ዘንድ አሠራሁ፤ ማጉያውን ራሴ በካውያ ገጣጠምኩት። በአሥር ቀን አለቀ። ያኔውኑ፣ ያን ምሽት ካሴቱን ብከፍተው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ግን ስፒከሩ አዲስ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። አባባ ደግሞ የሚሰማው ወፍራሙን ብቻ ነው፤ ወፍራሙ ደግሞ የሚመጣው ስፒከሩ ሲለሰልስ ነው። ጋሽ ቱፋን ጠየቅሁት። "ሂን ጀርጀሪን" አለኝ። "ካሴት አይሸሽም። ለአባትህ ነውና አሳምረህ አሟሸው።" ሸክላውን ከሱቅ ማውጣት አይፈቅድም፤ ስለዚህ ሹሹታውን በካሴት ቀዳሁት። ባዶ ካሴት ያጣሁ ለታ እንኳ በወንድሜ ላይ አልደረብኩም፤ የራሴን የምወደውን ዘፈን አጠፋሁለት። እንዲያ ነበር ጥንቃቄዬ።

ጠዋት ሥራ ስሄድ ከፍቼው እሄዳለሁ። ካሴቱ ሲያልቅ የሚያገለብጠው አባባ ነው። መብራት ይጠፋል፤ የጠፋበትን ሰዓት ቀንሼ ግድግዳው ላይ በከሰል እጽፋለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት። ሃያ ስድስት። አርባ። አባባ ወንበሩን ከሣጥኑ አጠገብ አድርጎ ይውላል። የሚገርመው ሹሹታውን ወደደው። ለዓመታት ማንም ሳይጮኽለት የሰማው የመጀመሪያው ድምፅ ነበር መሰለኝ። "እንፋሎቱ ነው" ይለኛል ማታ ስገባ፤ "ሁለተኛው ቦይለር እንዲህ ነበር የሚለው።" ከዚያ እንደ ወጥ ጠባቂ "ደረሰ?" ይለኛል።

"ትንሽ ቀረው አባባ።"

"አሁን ብንሰማውስ? እኔ እኮ ጥራት አልፈልግም።"

"የደከምንበትን አናበላሸው። ለእሑድ ይደርሳል።"

ሁሌም "እሺ" ይላል። ታደሰም "እሺ" ነበር ያለው። የአባትና የልጅ እሺ አንድ ዓይነት መሆኑን ያስተዋልኩት ግን ብዙ ዘግይቼ ነው።

አሁን ለናቲ ትውልድ ማስረዳት የሚከብደኝን ነገር ልናገር። በዚያ ዘመን ያ ሹሹታ ሁሉም የሚያውቀው ድምፅ ነበር። እንዳይሰሙ የተከለከሉ ጣቢያዎች ላይ መንግሥት ጩኸት ይለቅባቸዋል፤ መስኮቱን ዘግቶ እነሱን የሚፈልግ ሰው ቤት መጀመሪያ የሚሰማው ያ ሹሹታ ነው። ሰፈርተኛው ሲሰማው ልጁን ወደ ቤት ይጠራል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። ነገር ግን ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስለምሰማው ለእኔ ማሟሻ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ሰፈሩ የተደበቀ ራዲዮ ሲሰማ እኔ የሚለሰልስ ስፒከር እሰማ ነበር። ያውም መስኮት ከፍቼ፣ ለሰባት ቀን!

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ ዘጠና አንድ ጽፌ እጄን ሳራግፍ ሦስት የቀበሌ ጠባቂዎች ገቡ። ከፊት ያለው ጓድ በቀለ ጎረቤታችን ነው፤ ራዲዮኑን እኔ ነበርኩ የምጠግንለት። ለልጁ ሠርግ ቴፕ አውሼዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው ይቅር ብዬው ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

"አሰፋ፣ ሰሞኑን የምትከፍተው ምንድነው?" አለኝ።

"ማሟሻ ነው ጓድ በቀለ።"

"የምን ማሟሻ?"

"የስፒከር። አዲስ ስለሆነ እስኪለሰልስ…"

"ስማኝ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ድስት ሲሟሽ አይቻለሁ። ጀበና ሲሟሽ አይቻለሁ። ስፒከር ሲሟሽ አይቼ አላውቅም። ይሄን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ፤ እኔ ባላውቀው እነዚህ ያውቁታል" ብሎ ከኋላው ወደቆሙት ጠቆመኝ። ከዚያ ዓይኑ ሁለተኛው ካሴት ላይ አረፈ። "ያስ ምንድነው?"

"የወንድሜ ድምፅ ነው። የታደሰ። ግንባር ነው ያለው፣ ታውቀዋለህ እኮ።"

ጓድ በቀለ እፎይ አለ። በዓይኔ አየሁት፤ ከልቡ እፎይ አለ። "እንግዲያው ክፈተውና እንስማው። የወታደር ድምፅ ከሆነ እነዚህም ያምናሉ፤ ይቅርታ ጠይቀን እንሄዳለን።"

ካሴቱን አነሳሁት። ቴፑን ከፈትኩት። እጄ እዚያው ቀረ። ምን እንዳለበት አላውቅማ! "ያን ቀን ጠዋት" ካለ በኋላ ምን ብሎ ይሆን? ራበን ቢልስ? በማላምንበት ጦርነት ላይ ጣልከኝ ብሎ አባባን ቢረግምስ? እዚያው ግንባር ድረስ ሄዶ እሱኑ የሚያስረሽን አንድ ቃል ቢወጣውስ? ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ እከፍተው ነበር፣ ወይም የሚሰማበትን ቦታ መርጬ እከፍተው ነበር። እኔ ግን ለጥራት ብዬ አልሰማሁትም።

በዚህ መካከል አባባ፣ ከተባለው አንድ ቃል ያልሰማው አባባ፣ ካሴቱን በእጄ አየና ሰዓቱ የደረሰ መሰለው። እንግዶቹ ለማድመጥ የመጡ መስሎት በጭንቅላቱ ሰላም አላቸው። ወንበሩን ወደ ሣጥኑ ስቦ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ግራ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዞረ።

"ደረሰ?" አለኝ።

"ገና ነው አባባ" ብዬ ጮኽኩ። "ገና ነው!"

ጓድ በቀለ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ፊቱን አዞረና "ያዙት" አላቸው።

ሃያ ሦስት ቀን የቀበሌው ማከማቻ ክፍል ውስጥ ሰነበትኩ። ጋሽ ቱፋ ሸክላውን በነጠላ ጠቅልሎ ተሸክሞ መጥቶ፣ የመሐንዲሱን አብሳይ ምስክር አድርጎ፣ አስረድቶ አስፈታኝ። ሹሹታው ካሴትም፣ የታደሰ ካሴትም፣ ስፒከሩም ወደ በላይ አካል ተልከዋል ተባልኩ። የትኛው በላይ? ማንም አያውቅም። አንድ ዓመት ሙሉ ተመላለስኩ። ጓድ በቀለ ራሱ አንድ ቀን በሥርቆሽ መሳቢያ ከፍቶ አብሮኝ ፈለገ፤ አጣነው። ስፒከሩን ግን አገኘሁት። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ መድረኩ ላይ ነበር፤ ስብሰባ ተጠርተን ሄደን ስንቀመጥ ድምፁን ሰማሁት። አቤት ሲያምር! ለስልሷል፣ ወፍሯል፣ የተናጋሪው ትንፋሽ ሳይቀር ደረቴ ላይ ያርፋል። የቀረውን ዘጠኝ ሰዓት በመፈክር አሟሽተውታል። አባባ አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና ከዓመታት በኋላ የሰው ንግግር በግማሽ ሰማ። "ይሄ ሰውዬ ስለ ጤፍ ነው የሚያወራው?" አለኝ። ስለ ጤፍ ነበር የሚያወራው። እዚያው በሕዝብ መሐል አለቀስኩ፤ ሰዎቹ በንግግሩ የተነካሁ መስሏቸው አጨበጨቡ።

ታደሰ አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም፤ የት እንደወደቀ የነገረን የለም። ያ መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በናዝሬት መንገድ ሲያልፍ አባባ ወንበሩን አስፋልት ዳር አስወጥቶ ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ። ባዶ እግሩን የሚሄደውን፣ ካፖርቱን በዳቦ የሚሸጠውን፣ ሁሉንም ፊት ፊቱን ያያል። በዘጠነኛው ቀን ወንበሩን ራሱ ይዞ ገባ።

ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅ የጀመረው። "ያን ቀን ጠዋት ብሎ፣ ከዚያ ምን አለ?" ይለኛል። አልሰማሁትም አባባ እለዋለሁ። በሳምንቱ ይደግመዋል። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ዋሸሁት። በግራ ጆሮው ተጠግቼ "'ያን ቀን ጠዋት ስላደረሱኝ አልተቀየምኩም፤ ለምን እንዳደረጉት ገብቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ' ነው ያለው" ብዬ ጮኽኩለት። አባባ እንደ ልጅ ጆሮዬን ያዘኝ።

"ይሄ ያንተ ነው" አለኝ። "ታደሰ እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ አያውቅም። ሁለተኛ በሱ አፍ እንዳትናገር።"

ምዬ ተገዘትኩለት። እሱም ዳግመኛ ሳይጠይቀኝ ሁለት ዓመት ኖረ። ምን እንደሚያስብ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ያለችውን ዘጠና አንድ ግን ቤቱ በኖራ በተቀባ ቁጥር በእጁ ከልሎ ያስቀራት ነበር፤ እኔ እንዳልረሳ ይሁን እሱ እንዳይረሳ እንጃ።

የመጨረሻው ሰሞን አልጋ ላይ ዋለ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ነፋሱ አቧራውን በቆርቆሮው ላይ ሲያንኮሻኩሽ፣ በእጁ ጠራኝ። ከንፈሩ ደርቋል። ጎንበስ አልኩለት።

"ያንን ያንተን ንገረኝ" አለኝ።

"የቱን አባባ?"

"ያን ቀን ጠዋት የሚለውን። ያንተው ይሁን። ንገረኝ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አፌን ከግራ ጆሮው አስጠግቼ፣ ድምፄን እንደ ታደሰ ለማቅጠን ሞከርኩና ተውኩት፤ ቀጭን አይሰማም። በወፍራም ድምፅ "አባባ፣ ያን ቀን ጠዋት አልተቀየምኩም" አልኩት።

ዓይን ዓይኔን ያየኛል። "ጮክ በል" አለኝ።

"አልተቀየምኩም! ገብቶኛል አባባ!"

"ጮክ በል ልጄ።"

ጮኽኩ። ጎረቤቶች በር ላይ እስኪሰበሰቡ፣ ጓድ በቀለ ሳይቀር ባርኔጣውን ይዞ ደጃፉ ላይ እስኪቆም፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኽኩ። አባባ እጄን ይዞ፣ ጆሮውን ወደ አፌ አዙሮ፣ በትዕግሥት ይጠብቃል። በመጨረሻ ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ።

"ገና ነው" አለኝ። "አልደረሰም።"